ያለ አስተርጓሚ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ምራቴ ወገቧን ተሻላት ወይ? የልጅቷስ የጥርስ ሽቦ ገባላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ምን ዓይነት ደህና እንደሆንኩ ደግሞ እስከ መጨረሻው ካነበብከኝ ይገባሃል።

ትናንት በስልክ ተገናኝተን ዛሬ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። እናትህ ዕድሜዋን የስልክ ማዞሪያ ፊት ተቀምጣ የሰው ወሬ ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት። እንዲህ ያለች ሴት እስክሪብቶ ካነሳች በቂ ምክንያት አላት ማለት ነው።

መጀመሪያ ልውቀስህ፤ ሆዴ ውስጥ ሲያድር ይከፋል። በየእሑዱ ትደውላለህ፣ ልጅህን አቅርብልኝ እላለሁ። ሃሎ አያቴ ትልና ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ነው፤ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ እንደገና ታወራለች። ምን አለች ብዬ ስጠይቅህ ደህና ነኝ ትላለች ትለኛለህ። ያ ሁሉ ወሬ ደህና ነኝ ብቻ ነው? አንድ እሑድ እየሳቀች ጀምራ መሃል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ አለቀሰች። አንተ አሁንም ደህና ነኝ ትላለች አልከኝ። ስንት ዓመት መስመር ላይ የቆየ ጆሮ እንዲህ ያለውን አይስትም። ያን ዕለት ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ተንገበገብኩ።

እኔም እንግሊዝኛ አላጣሁም ነበር። እባክዎ ይጠብቁ፣ መስመሩ ተይዟል፣ ማን ልበል፤ እነዚህን እንደ ውሃ እጠጣቸዋለሁ። ከነሱ ካለፈ ግን ድንጋይ ነኝ። ታዲያ ከገዛ የልጅ ልጄ ጋር እባክዎ ይጠብቁ እየተባባልን ልንኖር ነው?

ያኔ ድምፄ መሻከር ጀምሮ ነበር፤ ጉንፋን ነው ያልኩህ ጊዜ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን አይቶ ወንበሩን ወደኔ ሲያስጠጋ፣ ነገ ዛሬ የምልበት ጊዜ እንደሌለኝ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከልጅቷ ጋር ማንም መሃላችን ሳይገባ፣ በራሴ አፍ፣ አንድ ጊዜ ማውራት። በትምህርት ቤት ምን እየተማረች እንደሆነ ስጠይቅህ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አልከኝ። በዚያው በር እገባለሁ አልኩ።

ከላይኛው ፎቅ ያሉትን የታሪክ መምህር ታስታውሳቸዋለህ፤ ጠመንጃ ነክተው የማያውቁ፣ ሰፈሩ ግን ጄኔራሉ የሚላቸው። እንግሊዝኛ ያስተምሩኝ ስላቸው እትዬ በጡረታዎ ምን ሊሠሩበት አሉኝ። ሰው ላናግርበት አልኳቸው። እኔ የልጆች መጽሐፍ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ጡብ የከበደ የጦርነት ታሪክ ታቅፈው ወረዱ። ቃላቱ ዲፕሎማት የሚጨነቅባቸው ዓይነት ናቸው።

የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ግንባር ሆነ። ስኒዎቼ እግረኛ ጦር፣ የክብሪት ቀፎዎቹ ታንክ፣ የስኳር ዕቃው ከተማ። ከተማው ዙሪያውን ተከቦ ዳቦ አይገባም፣ ሰው አይወጣም ሲባል «ሲጅ» ነው አሉኝ። ስኒዎቹ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሲያፈገፍጉ «ሪትሪት»። በዚሁ ማፈግፈግ አንዱን ስኒ ጥለው ሰበሩብኝ። ጦርነት መስዋዕትነት ይጠይቃል ብለው ተከራከሩኝ፤ ስኒ ግን አልተኩም።

ሕጋቸው ጥብቅ ነው። ዛሬ የተማርኩትን ቃል በማግስቱ በራሴ ቤት ጉዳይ ካልተናገርኩበት ወደሚቀጥለው አያልፉም። ስለዚህ የጎረቤት ድመት ደረጃዬን በወረራ ይዛ «ኦኩፓይ» አደረገች። ውሃው ሲጠፋ በቧንቧዬ ላይ «ብሎኬድ» ተጣለ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት የደረሱበት ስምምነት ሰላም ሳይሆን «አርሚስቲስ» ነው፤ ተኩሱ ቆመ እንጂ ጸቡ አላለቀም። በዚህ ስንስቅ ድምፄ ይዘጋል። ሲዘጋ እሳቸው ውሃ ቀድተው ያቀርቡልኛል። ሐኪሙ ንግግር ይቆጥቡ ብሎኝ ስለነበር፣ «ራሽን» የሚለው ቃል ያለ አስተማሪ ገባኝ።

አንድ ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ። «ካዡዋልቲ» ይላል። ቶሎ ገለበጡና ይሄ ለፈተና አይመጣም አሉ። ምን ፈተና አለብኝ! ግን ቡና ቀዳሁላቸው፤ ልጃቸው ከግንባር እንዳልተመለሰ ታውቃለህ። በማግስቱ ራሳቸው ያንኑ ገጽ ገለጡ። የሞተውም፣ የቆሰለውም፣ ወጥቶ የቀረውም በዚህ ቃል ይቆጠራል አሉኝ። ቀጥለውም በእንግሊዝኛ ስለ ልጃቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ በአማርኛ አንድም ቀን ወጥቷቸው እንደማያውቅም ነገሩኝ። አብረን ተቀመጥን። እኔም አለቀስኩ፣ እሳቸውም አለቀሱ።

እንግዲህ ትናንት መኪናዬን ልጠብ ብለህ ስልኩን ለልጅህ ትተህላት ወጣህ። እግዜር ይስጥህ። ስለ ትምህርቷ ጠየቅኳት። በጦርነቱ ጊዜ ከከተማ በባቡር ስለተላኩት ልጆች፣ ኮታቸው ላይ ስማቸው ስለተንጠለጠለው፣ በክፍል ፊት ልታነብ ነው። አንዳንዱ አመለጠኝ፤ አብዛኛውን ግን ያዝኩት። ያን እሑድ ያለቀሰችው ደግሞ የልብ ጓደኛዋ ቤት ቀይራ ስለሄደችባት ነው። ይህን ታውቃለህ? እንደነዚያ የባቡር ልጆች ጓደኛሽ «ኢቫኩዌት» ተደረገችብሻ ስላት በሳቅ ፈነዳች። እንዲህ ያለ ቃል ከየት አመጣሽው ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ልጄ፣ እንዲያ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

ከዚያ ድምፅሽ ምን ሆነ አለችኝ። ለአንተ ጉንፋን ያልኩህን ለእሷ ማለት አቃተኝ፤ ለመዋሸት የሚበቃ እንግሊዝኛ ገና አልተማርኩም። ያሉኝ ቃላት የመከበብ፣ የማፈግፈግና እጅ የመስጠት ናቸው። በነሱው ነገርኳት። ጉሮሮዬ ተከቧል፣ ሐሙስ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ከተማው ከነድምፁ እጅ ይሰጣል፣ ነዋሪው ግን በሕይወት ይተርፋል ብሏል ሐኪሙ አልኳት። ለአንተ ስንት እሑድ ልነግርህ ጀምሬ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼሃለሁ። በሰው ቋንቋ ሲሆን የሌላ ሰው ወሬ ይመስል ወጣልኝ።

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ኋላ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት። ቀስ ብላ፣ በትምህርት ቤት መጽሐፋቸው ውስጥ ለየብቻ የታሰሩ ምርኮኞች ግድግዳ እያንኳኩ ያወሩ እንደነበር ነገረችኝ። እኔ አወራለሁ፣ አንቺ በጣትሽ የስልኩን እጀታ ምቺ፤ አንዴ ከመታሽ አዎ ነው፣ ሁለቴ ከመታሽ አይደለም ነው አለችኝ። እንሞክረው አለችና ፈርተሻል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንዴ መታሁ።

እሷን እንዳትቆጣት። ሐሙስ እስኪያልፍ ምስጢሩን ያዢልኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ለልጅ ከባድ እንደሆነ አላጣሁትም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። አንተም ለእሷ ነግረሽ ከእኔ ደበቅሽ ብለህ አትቀየመኝ። ይህን ደብዳቤ የጄኔራሉ የእህት ልጅ ይዛው ትበራለች፤ ዓርብ እጅህ ይገባል። ሆን ብዬ ነው። ትኬት ፍለጋ ስትራወጥ፣ ከሥራህ ስትጣላ፣ ደርሰህም ኮሪደር ላይ ቆመህ ስታለቅስ ታየኝ፤ አልፈለግሁትም። ጄኔራሉ አብረውኝ ይሄዳሉ። በሩ ላይ ቆመው ሐኪሞቹን ታሪክ እንደሚያስተምሯቸው አልጠራጠርም።

ፈጣሪ ጎጆህን ያሙቅልህ፤ ክፉ አይንካችሁ። ምራቴን ጤናዋን ይመልስላት፤ አንተም ከባድ ዕቃ አታሸክማት። ያቺን ልጅ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ አንደበቷ አይታጠፍባት፤ የተናገረችው ይሰማላት።

እሑድ እንደ ልማድህ ደውል። ሃሎ እማዬ ብለህ መልስ ባታገኝ፣ መስመሩ ተበላሸ ብለህ እንዳትዘጋው። ጆሮህን ጣል አድርግና ጠይቀኝ፤ አንተ በአማርኛ ጠይቀኝ። አጠገብህ ናት፣ አቆጣጠሩን ታሳይሃለች።

እናትህ