በመስኮት ቁጥር አራት ስለተጠረገው የእናቴ ስልክ

ለተከበሩ የአካባቢያችን የተገልጋዮች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከእኛ ከተገልጋዮችዎ የበለጠ እንክብካቤ የሚደረግለት የሚሽከረከረው የቢሮ ወንበርዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት ባለው ፎቅ ምድር ቤት የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። በአካል ልቀርብዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ስብሰባዎን ላለማወክ ስል በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

አስቀድሜ ባለፈው ሰኞ በርዎ ላይ ስላስለጠፉት ማስታወቂያ ላመስግንዎ። «በኢንተርኔት አጠቃቀሙ ጥንቃቄ የጎደለው ተገልጋይ ራሱን ይውቀስ» ይላል፤ ከሥሩም የይለፍ ቃላችንን ለማንም እንዳንናገር፣ የማናውቀውን ሊንክ እንዳንጫን፣ የምንሳሳለትን ነገር ሁለት ቦታ እንድናስቀምጥ ይመክራል። ግሩም ምክር ነው። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። በእኛ ላይ ከደረሰው ጉዳት የዘገየው በዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከወረፋ ካርዶችዎ ተረድቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ደብተሩ። የጤና ካርድ እድሳት በኢንተርኔት ብቻ እንዲሆን ባዘዙ ጊዜ፣ አረጋውያን የይለፍ ቃላቸውን እየረሱ ወረፋውን አስረዘሙብዎና፣ ሁሉም የይለፍ ቃሉን በአንድ ደብተር ላይ እንዲያስመዘግብ መመሪያ አወጡ። ደብተሩም እንዳይጠፋ በሲባጎ ከመስኮት ቁጥር አራት ጋር ታሰረ። እውነትም አልጠፋም። ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል፣ ሁሉም በቀይ እስክሪብቶ በተሰመረ ሰንጠረዥ ውስጥ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰውም ተራው እስኪደርስ ሲያገላብጠው ይውላል። እናቴ ዓይኗ ስለደከመ መጻፍ አትችልም። የመስኮቱ ጸሐፊ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ኢሜይል ከፈተችላት፤ ስልኳ ውስጥ ያለው ሁሉ እዚያው እንዲቀመጥም አደረገችላት። ከዚያ «እማማ፣ የማይረሱትን ቃል ይንገሩኝ» አለቻት። እናቴ ሳታመነታ የታናሽ እህቴን የቁልምጫ ስም ነገረቻት። ጸሐፊዋም በትክክል መስማቷን ለማረጋገጥ «ሚጢ!» ብላ ጮክ ብላ ደገመችው፤ ወረፋው ሁሉ ከሰማ በኋላም ደብተሩ ላይ ጻፈችው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሚጢ። ይህ እንኳ ቅሬታ አይደለም፤ ማንን እንደጠረጋችሁ እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው። ሚጢ ነርስ ነበረች። ሌላ ከተማ ስለምትሠራ፣ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሆና ለእናታችን የድምፅ መልእክት ትልክ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ታመመችና በአንድ ወር ውስጥ አጣናት። መልእክቶቿ ግን ስልኩ ውስጥ ቀሩልን። ከዚያ ወዲህ እናቴ በየጠዋቱ አንዱን ታስከፍተኝ ነበር። «እማዬ፣ ኪኒንሽን ዋጥሽ? አትዋሺኝ፣ አውቅሻለሁ እኮ!» ትላለች ሚጢ፤ ከኋላዋ የአውቶቡሱ ረዳት ይጮኻል። እናቴም «ኧረ ውጫለሁ የኔ እናት» ትልና፣ ያን ጊዜ ገና የደም ግፊት ኪኒኗን አንስታ ትውጣለች። እኔ ቆሜ ብለምናት የማትሰማኝን፣ ሚጢ በአንድ ቃል ታስውጣት ነበር። እናቴን እስከ ዛሬ ያቆየችልኝ ሟች እህቴ ናት ብል አላጋነንኩም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሌባው። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንሥቶ የእናቴን ኢሜይል የከፈተው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ኮሌታ እየሰፋሁ ሳለ ከእናቴ አድራሻ «ልጄ፣ ይህን ክፈቺው» የሚል መልእክት መጣልኝ። መጻፍ እንደማትችል አውቃለሁ። ግን እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችልኝ መሰለኝና፣ ማን አስጻፋት ብዬ ሳልጠይቅ፣ ደስ ብሎኝ ተጫንኩት። ወዲያው የእኔም ስልክ ያንኑ መልእክት ለደንበኞቼ ሁሉ ይበትን ጀመር። በማስታወቂያዎ ላይ የተገለጸው ጥንቃቄ የጎደለው ሰው እኔ ነኝ፤ እንኳን ተዋወቅን።

አራተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። እናቴን እጇን ይዤ እየሮጥኩ መስኮት ቁጥር አራት ደረስኩ። ጸሐፊዋ «የተጠቃ ስልክ ወዲያውኑ ይጽዳ» በሚለው መመሪያዎ መሠረት ስልኩን ከእናቴ እጅ ተቀብላ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍታ «እማማ፣ እንደ አዲስ ሆነልዎ» ብላ መለሰችላት። በዚህ ጽሕፈት ቤት በሦስት ደቂቃ ያለቀ ሌላ ጉዳይ ሰምቼ አላውቅም። ኢሜይሉ ላይ ያለውን ቅጂ እንዳንፈልግ ደግሞ ሌባው የይለፍ ቃሉን ቀይሮታል። ሌባው ቤቱን ቆልፎ ሄደ፣ እናንተ ውስጡን ጠረጋችሁ፤ ሥራ መከፋፈል ማለት ይህ ነው።

አምስተኛውን ግን በእርስዎ ላይ ማሳበብ አልችልም። ጸሐፊዋ «ላጥፋው?» ብላኝ ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ ደንበኞቼን በስልኬ ይቅርታ እየጠየቅኩ ስለነበር፣ ቀና እንኳ ሳልል «እሺ» አልኳት። ያ ስልክ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እጄ ገብቷል። ድምጿን ሌላ ቦታ ለመገልበጥ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ የምተክልበት ጊዜ ይበቃኝ ነበር። ነገ፣ ነገ ስል ቆየሁ። አንጀቴን የሚበላኝ ከደብተርዎ ይልቅ ይህ ነው።

እናቴ ዛሬም በየጠዋቱ ስልኩን ታቀብለኛለች። ጠፍቷል እላታለሁ። «ታዲያ ፈልጊው» ትለኛለች፤ ኪኒኑም ሳህኑ ላይ ይውላል። ባለፈው ረቡዕ ጨነቀኝና ድምፄን አቅጥኜ፣ እንደ ሚጢ ሆኜ «ኪኒንሽን ዋጥሽ?» ብዬ ስልኩ ላይ ቀዳሁላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። «ጎሽ ልጄ፣ አንቺ ነሽ» አለችና ኪኒኑን ዋጠችልኝ። ድምፁ የእኔ መሆኑን ለይታዋለች፤ የዋጠችው እንዳይከፋኝ ብላ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ግን አልዋጠችም።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። የኢሜይሉ ድርጅት የተሰረቀ አድራሻ የሚመልሰው፣ ባለቤትነቱ በደብዳቤና በማኅተም ተረጋግጦ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከቀረበለት ነው አሉኝ። ኢሜይሉን የከፈተው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ማረጋገጥ የሚችለውም እርስዎ ብቻ ነዎት። ዛሬ አሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ደብዳቤውን ራሴ አዘጋጅቼ ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ፤ የቀረው ፊርማዎ ነው።

ከሁለት ስብሰባ መካከል ብቅ የሚሉባትን ያችን አንዲት ደቂቃ በጉጉት እየጠበቅኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣

የሚጢ ታላቅ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ምን እንደምጽፍ ጠይቃኝ አነበብኩላት። «ሰውዬውን አታስቀይሚው» ብላ ከተቆጣችኝ በኋላ አንድ ነገር እንድጨምር አዘዘችኝ። እናትዎ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይደውሉላቸው፤ ድምፃቸውን ይቅዱና ሁለት ቦታ ያስቀምጡት ብላለች። ይህን የመከረችዎ ማስታወቂያዎን አንብባ አይደለም።