ክስ አይደለም

ቡታጅራ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

ውድ ሳፊያ፣

ከቤተሰብሽ ጋር ወደ መርካቶ ከሄድሽ ወዲህ ሦስት ጊዜ በስልክ አስጠራሁሽ። ሦስቱንም ጊዜ የመጣልኝ መልስ «ተጠርተው አልቀረቡም» የሚል ነው። ተቀይማኛለች አልኩ። የሄዳችሁ ዕለት መኪናው ድረስ መጥቼ አልሸኘሁሽም። ሰው ፊት እንዳላለቅስ ፈርቼ ጓሯችን እንሰት መሀል ተደብቄ የመኪናውን ድምፅ ስሰማ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

አሁን ስልክ ቤት እሠራለሁ። ከስድስተኛ አላለፍኩም፤ አፌም እንደምታውቂው ሰው ፊት ይተሳሰራል። የወሰዱኝ ለእጅ ጽሕፈቴ ነው። ስልክ ለሚመጣለት ሰው የጥሪ ወረቀት እጽፋለሁ፤ መስመር ሲበላሽ መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውንም እኔው ነኝ የምጽፈው። ከወረቀቱ በቀር የማዋራው የለም።

ባለፈው ሳምንት ከማሉ የሚባሉ የመስቃን ገበሬ ተጠርተው ቀሩ። ወንድማቸው አዲስ አበባ ሆኖ ሲጠብቅ መስመሩ ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ ሚስታቸው መስኮቱ ሥር መጥተው ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ ምን አጥፍቶ ነው የተከሰሰው? ዘመድ ቤት ተሸሽጓል እኮ!»

ወረቀቱን ዘረጉልኝ። የራሴ ጽሕፈት ነው፦ «ነገ በ3 ሰዓት ሳይቀሩ ይቅረቡ!» ከመሥሪያ ቤቱ ናሙና እንዳለ ገልብጬው ነበር፣ ቃለ አጋኖውን ሳላስቀር። ከሥሩ ማኅተም አለ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ሌላ ጻፍኩ፦ «ወንድምዎ በስልክ ሊያነጋግርዎ ይፈልጋል። ነገ በ3 ሰዓት ቢመጡ ይገናኛሉ። ክስ አይደለም።»

አለቃችን አቶ ያረጋል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አነበቡት።

«አንቺ ልጅ፣ ለስልክ ነው ለሰርግ የምትጠሪው?»

ወረቀቱን ለሚስታቸው አቀበልኳቸው። ከማሉ በማግስቱ መጡ። ቀፎውን በሁለት እጃቸው ይዘው «አለሁ! አለሁ!» እያሉ ሲጮኹ አቶ ያረጋልም ሳቁ። «በይ ናሙናውን ቀይሪው» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አስባለሁ። አንቺ ዘንድ የመጣውም ወረቀት እንደ ድሮው ናሙናችን ቢሆንስ? አባትሽ ጋሽ ሙስተፋ ማኅተም ሲያዩ እንዴት እንደሚደነግጡ አውቃለሁ። ወይም ደግሞ እኔ መሆኔን አውቀሽ ይሆናል የቀረሽው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ስለዚህ ይህን ከአራት ረቂቅ በኋላ ጻፍኩልሽ፤ ማኅተም የለውም፦

«ሳፊያ፣ ሐሙስ ሐምሌ 22 በ4 ሰዓት ወይንሸት ትደውልልሻለች። ክስ አይደለም። ጥፋተኛዋ እሷ ናት፤ ሳትሸኝሽ ቀርታለች። ካልፈለግሽ አትምጪ። እሷ ግን መስመሩ እስኪዘጋ ትጠብቃለች።»

ከመስኮቱ ኋላ፣
ወይንሸት