የእናቴ ክፍል ግድግዳ ይበሳልኝ ዘንድ

ይድረስ ለተከበሩ የቀበሌያችን ቤቶች ኃላፊ ለአቶ ሽታዬ፤
ሸዋ ሮቢት

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ነው? ይህ የሮቢት ሙቀት እንደኛ አላቀለጥዎትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ወረፋ ስጠብቅ ቢሮዎ ቬንትሌተር እንዳለው በበሩ በኩል አይቻለሁና ለዚያም እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ አስፋልቱ ዳር ባለው የቀበሌ ቤት ቁርስ የምሸጠው እመቤት ነኝ። የዛሬ ሾፌር ዋይፋይ ከሌለ እንቁላል ፍርፍርም አያዝምና አስገባሁለት፤ ይኸው የካራቆሬውም የደብረ ሲናውም ከልጆቹ ጋር በስልኩ ፊት ለፊት እየተያየ ይጎርሳል። ከግድግዳው ማዶ፣ በጓሮው ክፍል፣ ዳሌዋ ተሰብሮ ከአልጋዋ የማትንቀሳቀሰው እናቴ አለች። ዓይኗ ከቀን ወደ ቀን እየጨለመ ነው፤ ብርሃኗ ጨርሶ ሳይጠፋ ኩዌት ያለውን ወንድሜን የዮናስን ፊት በቪዲዮ እያወራችው ማየት ትፈልጋለች። የሞባይሉ ኢንተርኔት አንድ ፎቶ እንኳ አይጎትትም፤ ዋይፋዩም የድንጋዩን ግድግዳ አያልፍም። ትርፍ ራውተር አለኝ። የቀረኝ ገመድ የሚያልፍበት፣ ጣት የምታህል ቀዳዳ ናት።

ለዚህች ቀዳዳ ስላደረጉልኝ ትብብር በየተራው ላመስግን።

፩. ግድግዳው የመንግሥት ስለሆነ ያለ መሐንዲስ አይበሳም ብለው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። መሐንዲሱ የታለ ብል፣ ቦታው ክፍት ነው፣ ሲቀጠር ይነገርሻል ተባልኩ። እናቴም ዓይኖቿን እስከዚያ ታገሱ እንድትላቸው ነግሬያታለሁ።

፪. ገመዱን በደጅም በጣራም ዞሬ ልሳበው ብዬ ብጠይቅ የከተማዋን ገጽታ ያበላሻል አሉኝ። ጣራው ክረምት ክረምት የሚያፈሰው ወደ ውስጥ ስለሆነ ነው መሰል፣ ገጽታ አላበላሸም።

፫. ሶኬት ላይ ተሰክቶ ኢንተርኔትን በመብራት ገመድ የሚያሳልፍ ዕቃ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ለካ ቀበሌው ቤቱን ሲከፋፍል የጓሮውን መብራት ከጎረቤቴ ከእትዬ ሐጂራ ቆጣሪ ላይ ቀጥሎት ኖሯል፤ ዕቃው ደግሞ ሁለቱም ክፍል ከአንድ ቆጣሪ ካልሆነ አይሠራም። እትዬ ሐጂራ፣ አላህ ይስጣቸው፣ እንኳን ቆጣሪዬን ዓይኔን ውሰጂላት ብለውኛል። የመብራት መስመሩን ከፊተኛው ክፍል ላምጣው ብልስ? ያው ግድግዳው መበሳቱ ነው!

፬. ይህን ግን የልጅ ልጆቼ ይሰሙታል። ከእናቴ አልጋ ሥር አይጥ ያለ ማመልከቻ ግድግዳውን የበሳችባት ቀዳዳ ነበረች። እኔ ሞኟ፣ ዝም ብዬ ገመዴን እንደማሳለፍ፣ ሕግ አክብሬ በአይጧ ቀዳዳ ልጠቀም ብዬ አስፈቀድኩ። በማግስቱ ግንበኛ ላኩልኝና በሲሚንቶ ደፈኑልኝ። ለጣራዬ ስንት ክረምት ለምኜ ያጣሁትን ሲሚንቶ ለአይጧ በአንድ ቀን አገኘሁ!

በድብቅ ብሺው የሚሉኝ አልጠፉም። ነገር ግን ተቆጣጣሪዎ ቁርስ በበላ ቁጥር ግድግዳውን እየደባበሰ፣ ተበስቶ ካገኘው ውሌ እንደሚፈርስ ያስታውሰኛል። የተሰበረች እናት ይዤ ወዴት እወጣለሁ? ብበሳው ቤቱን አጣለሁ፣ ባልበሳው የእናቴ ዓይን ይቀድመኛል። እንዲህ ከአራት ወገን አጥብቀው ስለያዙኝ ያኑርልኝ።

ፈቃዱ ቢዘገይም አይጨነቁ፤ እናቴ ጨርሶ ማየት ካቆመች ለልጇ ድምፅ ተራ ስልክ ይበቃታል፣ ግድግዳዎም በክብር እንደ ቆመ ይኖራል።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ከግድግዳዎ ሥር ሆና የምትመርቅዎ፣
እመቤት

ተጨማሪ፦ ጉዳዩ አጣዳፊ ስለመሆኑ ማስረጃ አምጪ ብለውኝ ነበር። ትናንት የዮናስን ፎቶ ዓይኗ ሥር አድርጌ ባሳያት፣ ይህ የማን ልጅ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ማኅተም ግን የለውም።