ከድልድዩ ሥር አቤት ያለው

ልጄ አያንቱ፣ የብስራቱ ገብርኤል ካለሽበት ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ጎረቤታችን ወርቅዬ ሴት ልጅ ወልዳለች።

በሰንደቅ ዓላማ ቀን የጎፋውን ድልድይ በባንዲራ አለበሱት። አባትሽ ከጦር ሜዳ በደህና ተመልሶ፣ በኋላ ሲሠራው ተናዶበት ከሥሩ የቀረበት ድልድይ ነው። ስሙን ያነሳ የለም። አንድ ሱፍ ለባሽ ማይክ ይዞ፣ «ለዚች አገር የሞትክ ጀግና፣ ወዴት ነህ?» እያለ ፎከረ። ከሥር «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ። ጎረምሳ ያሾፈ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ድምፁን አወቅሁት።

ሰው ሲበተን ወረድኩ። ማንም የለም። ማን እንደጠራሽ ሳታዪ አቤት አትበዪ ብዬ ያሳደግሁሽ እናትሽ፣ አባትሽን «ሮበሌ» ብዬ ወደ ባዶው ተጣራሁ። ከምሰሶው ውስጥ «አቤት» አለኝ፤ ሥራ ይዞ እንደተጠራ ሰው፣ ረጋ ብሎ።

እመቤቴ በሰላም ትመልስሽ። እስከዚያው እሑድ ደውዪልኝ፤ ስልኩን ምሰሶው ላይ አስጠግቼ እይዝልሻለሁ። በስሙ ጥሪው፤ ለአባት ነውር ቢሆንም ለዚያን ቀን ፈቅጄልሻለሁ። ሲመልስልሽ አትደንግጪ። የሚጠራው አጥቶ ነው እንጂ ሁልጊዜም እዚያው ነበር።

እናትሽ አምሳለ