ያልተመዘገበው ቁጥር

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6

ብርዱ ዛሬም አልቀነሰም። መኪናዋ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ጠዋት ሁለት ቀላል ጉዳዮች፤ አንዱ ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ፣ አንዱ የጎረቤቱን የበረዶ መጥረጊያ ሞተር የወሰደ። «ተውሼ ነው» ይላል። አጥር ዘሎ መዋስ! ዳኛዋ ሳትስቅ ቀጠረችው። እኔም ሳልስቅ ወጣሁና መኪና ውስጥ ሳቅሁ።

ከሰዓት ዳኛዋ አስጠራችኝ። የድዌይን ሳልሚን ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ጠፍቷል። አርቪድ ላህቲን ገድሏል ተብሎ የተያዘው ነው። ላህቲን የማያውቅ የለም፤ ሠላሳ ዓመት የከተማውን ልጆች የበረዶ ሆኪ ያሰለጠነ ሰው... ባለፈው ወር፣ በበረዶ የጠጠረው ሐይቅ ላይ፣ በረዶውን ቀዶ ዓሣ በሚያጠምድባት የእንጨት ጎጆ ውስጥ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። በዋዜማው መጠጥ ቤት ውስጥ ከድዌይን ጋር ተጣልተው ነበር። ከተፈረደበት ዕድሜ ልክ ነው፤ አመክሮ የሚባል ነገር የለውም።

እሺ አልኩ። ለምን? ሥራዬ ስለሆነ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 8

ድዌይንን እስር ቤት አገኘሁት። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠራል፣ ጥፍሮቹን እስከ ሥጋው በልቷቸዋል። ለፖሊስ «እዚያ አልነበርኩም» ብሎ ፈርሟል። «ገድለሃል ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

«እርስዎ ግን ያምኑኛል?» አለኝ።

«የሚያስፈታህ የኔ ማመን አይደለም» አልኩት።

ልክ ነኝ። ግን ሌላ ነገር ብለው ምን ነበረበት?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 15

ሩት ደወለች። አሥራ አንድ ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ካርታ አብረን ተጫውተናል።

«ሎርና፣ ዛሬ አትድከሚ። አራተኛ ሰው አግኝተናል።»

«ለዛሬ ብቻ?»

«ባሌን እኮ ላህቲ ነው ያሰለጠነው።»

«ባልሽ በረዶ ላይ መቆም እንኳ አይችልም» አልኳት። አልሳቀችም።

ሾርባ አሞቅሁ። ዴል ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ የባሌን አለመኖር የለመድኩት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ቤቱ ሰፋብኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 2

ጋዜጣው ስሜን ካወጣ ወዲህ ስልኩ አላስቀምጥ አለኝ። በቀን አሥር፣ አሥራ አምስት። አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይተነፍሳል። አንዷ «ባልሽ በሕይወት ቢኖር ያፍርብሽ ነበር» አለችኝ። ድምጿን አውቀዋለሁ፤ ዳቦ የምትሸጥልኝ ናት።

ቁጥሬን ቀየርኩ። አዲሱን ለፍርድ ቤቱ፣ ለእህቴና ለድዌይን ሰጠሁ። ሦስት ሰው!

ከዚያ ወዲያ አልጮኸም። ጸጥታ የፈለግሁት ራሴ ነኝ... አሁን ምን ይሁን ነው የምለው?

ሰኞ፣ ማርች 11

ድዌይን ከእስር ቤት ደወለ። «አንድ ነገር ልንገርዎት?»

ነገ እመጣለሁ፣ ያኔ ንገረኝ ልለው ነበር። ግን እስረኛ ከጠበቃው ጋር የሚያወራው አይቀረጽም፤ ደንቡ ነው። ደግሞ... እውነቱን ልጻፍ። ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ አልሰማሁም ነበር።

«ንገረኝ» አልኩት።

«እዚያ ነበርኩ» አለ፤ እንዲህ ሲል ቀጠለ፦ በማግስቱ ጠዋት ላህቲን ይቅርታ ልጠይቀው ጎጆው ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው፣ እሱ ወድቋል፣ ደም... ግን ይተነፍሳል። ማን እንደመታው አላየሁም። ስልኬ እዚያ አይሠራም፤ ሰው ልጠራ ስነሳ እጄን ያዘኝ። «አትሂድ» አለኝ። ቁጭ አልኩ። እጁን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ። ከዚያ ሮጥኩ።

አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ይህን እዚህ መጻፍም አልነበረብኝም። ጠበቃ ደንበኛው የነገረውን ይዞ ነው የሚቀበረው።

ረቡዕ፣ ማርች 13

ዐቃቤ ሕጉ ኦስትራንደር ቢሮዬ መጣ። ሃያ ዓመት ስንከራከር አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ኮቱን ሳያወልቅ ቆመ።

«ሎርና፣ ስልክ ቀይረሻል እንዴ?»

«አዎ። ምነው?»

«እስር ቤት ያለው የጠበቆች ዝርዝር ላይ የድሮው ቁጥርሽ ነው ያለው።»

ዝርዝሩ ላይ የሌለ ቁጥር ሁሉ ይቀረጻል። አንድ ጠባቂ የሰኞውን ጥሪ መጀመሪያ ሰምቷል። «እዚያ ነበርኩ» ሲል ሰምቶ፣ ጽፎ ለኦስትራንደር ልኮለታል። ቀሪውን ማንም አልሰማውም።

«ወረቀቱን አንብቤያለሁ፤ ቀረጻውን አልሰማሁትም፣ አሽጌዋለሁ» አለ። «ግን ለችሎት ላቀርበው እጠይቃለሁ። ይቀረጻል ተብሎ እኮ በየጥሪው ይነገራል።»

ይነገራል። እኔም ሰምቼዋለሁ። እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ነው ያለፍኩት።

«እንዴት ሳታስመዘግቢ ቀረሽ?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የገረመው ሰው ድምፅ ነው። ምን ልበለው? አንዲት ገጽ ቅጽ ናት። ለጀማሪ ጠበቆች መጀመሪያ የማስተምረው እሱን ነው!

ሐሙስ፣ ማርች 14

ለድዌይን ነገርኩት። ጠረጴዛውን እያየ ሰማኝ።

«እርስዎ ነዎት ንገረኝ ያሉኝ» አለ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 9

ዛሬ የምስክሩ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስንቱን ሰው አስቀምጬበታለሁ፤ እንዲህ ጠባብ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቀረጻው ውድቅ እንዲደረግ ጥፋቱ የኔ እንጂ የሱ እንዳልሆነ በአደባባይ መናገር ነበረብኝ። ምስክር ስለሆንኩ ከጉዳዩ ወጥቻለሁ፤ የጠየቀችኝ በቦታዬ የተመደበችለት ጠበቃ ፔትራ ሆልም ናት። ጎበዝ ናት። አልራራችልኝም።

«ደንበኛዎ ጥሪው ምስጢር ነው ብሎ እንዲያምን ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ቁጥሩን ማስመዝገብ የማን ግዴታ ነበር?»

«የኔ።»

«ረስተው ነው?»

«ረስቼ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ ወሰነች፦ ቀረጻው ታሽጎ ይቀራል፣ ጠባቂውም አይመሰክርም። ድዌይን ተረፈ፣ ቢያንስ ከዚህኛው። ሲያወጡት በአጠገቤ አለፈ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

ዓርብ፣ ጁን 14

ሦስት ቀን ማንም አላናገረኝም፣ ከፖስተኛው በቀር። እሱም የጎረቤቴን ደብዳቤ ተሳስቶ አምጥቶ ነው።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17

የድዌይንን ፍርድ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። «እዚያ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ማስረጃ አምጡ» ብላ ነበር ፔትራ። ማንም አላመጣም። ለፍርድ ከሕዝብ የተመረጡት አሥራ ሁለቱ የጁሪ አባላት ነጻ ነው አሉ። የድዌይን እናት ጮኸች።

ደስ አለኝ? በጣም። አልገደለም፤ ይህን አውቃለሁ። እዚያ እንደነበርም አውቃለሁ። ለማን ነው የማወራው?

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 20

እንደ ሁልጊዜው ዓርብ የተጠበሰ ዓሣ ልበላ ወጣሁ፤ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ። ማርሊን ላህቲ ገባች። የአርቪድ ሚስት። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ወደኔ ስትመጣ ትመታኛለች ብዬ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከፌብሩዋሪ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ሰው ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው።

«ስለ ልጁ አልመጣሁም» አለች። «ፈረዱ፣ አለቀ። ሐኪሙ ግን አርቪድ ወዲያው አልሞተም ብሏል። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አይቀርም አለ።»

«ማርሊን...»

«ጨርሼ ልናገር። ሰው ሁሉ ጀግና ነው ይለዋል። አርባ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ገበያ ቆይቼ ስመለስ መስኮት ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው ነው። ብቻውን መሆን ይፈራል። ያን ግማሽ ሰዓት... ብቻውን ነበር? ያ ልጅ የነገረሽ ነገር ካለ ይህቺን ብቻ ንገሪኝ።»

አፌ ተከፈተ። አለ አይደል፣ ምላሴ ላይ ነበር። አንዲት ቃል። አልነበረም ብላት ትተኛለች። ግን ማን እንደነበረ ወዲያው ታውቃለች፤ በማግስቱ ከተማው ያውቃል።

«ባውቅም ባላውቅም መልሴ አንድ ነው» አልኳት። «መናገር አልችልም።»

ምንም ሳታዝዝ ተነስታ ሄደች። ሌባ የሆንኩ መሰለኝ፤ የራሷን ንብረት የደበቅሁባት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 2

ሲጨንቀኝ ድዌይን ጋ ሄድኩ። ካልፈቀደልኝ አልናገርም፤ ከፈቀደ ግን እችላለሁ። በሩ ላይ አቆመኝ።

«ማርሊን ብቻዋን እየተሰቃየች ነው። አንዲት ቃል ብቻ ፍቀድልኝ» አልኩት።

«አንዴ ንገረኝ አሉኝ፣ ነገርኩዎት። ሰው አዳመጠው።»

«አንዴ ነጻ ብለውሃል፤ አሁን ማንም አይከስህም።»

«ክስ ነው እንዴ የሚያስፈራኝ? እዚያ ነበርኩ ካልኩ እዚህ ከተማ ማን ያስቀምጠኛል? እናቴስ የት ትግባ?» እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እኔም በየቀኑ አስበዋለሁ። ግን አይሆንም። በቃ።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር። ለምን ያምነኛል? ቅጹን ያልሞላሁት እኔ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 4

ማርሊን እንደገና መጣች። ተቀመጠች። ዓሣ አዘዘች። ምንም አልጠየቀችኝም። በላን።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 25

አሁን በየሳምንቱ ነው። ስለሚያፈሰው ጣሪያዋ ታወራለች፤ ስለ ልጅ ልጇ ጥርስ ታወራለች። ሎሚዋን ለኔ ትሰጠኛለች፣ አትወድም። አስተናጋጇ ሰላም ትለኛለች፤ የአርቪድ ሚስት ከተቀመጠች ሌላው ምን ይላል? ሰዎች ወንበራቸውን ከኔ ማራቅ ትተዋል።

ግን እኔ ትንፋሼን ሳብ ባደረግሁ ቁጥር ወሬዋን አቁማ አፌን ታያለች። ጨው አቀብይኝ ልል ነው። ጨው አቀብይኝ እላለሁ። ታቀብለኛለች።

ዛሬ ኮቷን እየለበሰች «ዓርብ እንገናኝ» አለችኝ።

«ነይ» አልኳት።

አንድ ቀን ምስጢሩን ታወጣልኛለች ብላ ነው የምትመጣው። አላወጣውም፤ መቼም። ይህን ብነግራት መምጣቷን ታቆማለች። አልነገርኳትም።