የአውሮፕላንህ ማሞቂያ ሠራ

ሸምሱዬ፣ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ሱቁ በር ላይ ድንገት ወድቀህ ካጣሁህ ስድስተኛ ወር ያዘ። የሐዘን ዒዳዬን ጨርሼ ከቤት መውጣት ጀምሬያለሁ፤ ግን መውጣቱም ምንም አልፈየደኝም። ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሄጄ ሽንኩርት ገዝቼ እመለሳለሁ፣ በቃ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እሱ ደግሞ ያናድደኛል።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሰፈራችን ሊፈርስ ነው፤ ልቀቁ ተብለናል። ሐያት፣ ልጃችን፣ ኮንዶሚኒየም ቤት ተከራይታልናለች፣ አራተኛ ፎቅ። እንዳንተ ናት፤ መጀመሪያ ትወስናለች፣ ኋላ ትነግረኛለች። በእጅህ የሠራኸውን አውሮፕላን ግን አራተኛ ፎቅ ላይ የት አደርገዋለሁ? ክንፎቹ ግድግዳው ላይ ተደግፈው፣ ሆዱ ግቢው መሃል እንደተኛ ነው። ወንድምህ ቆራርጠን ለምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች እንስጠው ሲለኝ አኮረፍኩት። በኋላ ከሐዋሳ ገዢ ተገኘ። ሸጥኩት፣ ሸምሱ። ሌላ ምን ላድርግ?

ዒዳ ላይ ሳለሁ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ መተንፈሻ አጣሁ። መውጣት ደግሞ አይቻልም። ያኔ ነው አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቼ መቀመጥ የጀመርኩት። በሩን ስዘጋው የመርካቶ ጫጫታ ትንሽ ይቀንሳል። አንተ ቦታ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ከጎንህ ባለው፣ ያንቺ ነው ስትለኝ በነበረው። አብረን እንብረር ብለህ ስንቴ ለመንከኝ! እኔም ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞኝ ካልሞቀ አልገባም አልኩህ። እውነቴን ነበር። አንተ ግን ሜዳ ወስደህ አብርረኸው ስትመለስ አፍንጫህ ቀልቶ፣ ጣቶችህ አልታጠፍ ብለው፣ ምንም አይበርድም ትለኝ ነበር። ውሸታም!

ሞተሩን አብሮህ የገጠመው መካኒክ ጋሽ በቀለ፣ ሙቀቱን ከጭስ ማውጫው እንሳብ ሲልህ እንዴት እንደተቆጣህ አልረሳም። ቱቦው ቢሰነጠቅ እንደ ከሰል ጭስ ሳናውቀው ይጨርሰናል አልክ። ከዚያ ሶማሌ ተራን ስታስስ ከርመህ፣ ከተገለበጠ መኪና የወጣች ትንሽ የማሞቂያ ራዲያተር ይዘህ መጣህ። የሞተሩ ትኩስ ውሃ በእሷ ውስጥ ይዞራል፣ ፋኑ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይነፋል፣ ጭስ የሚባል ነገር የለም። የዚያን ቀን ደስታህ ሌላ ነበር። ገጠምካትና ውሃውን ሳታገናኝ ሄድክ።

ገዢው ሳይወስደው ስትሠራ ማየት ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም። ጋሽ በቀለ ቱቦዎቹን አገናኘ፣ ሰው እንዳይመታ ፕሮፔለሩን ፈታና ትናንት ጠዋት ሞተሩን አስነሳው። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔ ቦታዬ ላይ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ የመጣው ቀዝቃዛ ንፋስ ነበር፤ ተስፋ ቆረጥኩ። ሞተሩ ሲግል ግን ሙቀቱ ከእግሬ ተነስቶ ጉልበቴ ላይ ደረሰ። አለቀስኩ። ሞቀ፣ ሸምሱዬ። ሞቀልኝ፣ አንተ ግን የለህም።

ገዢው ባንተ ወገን ተቀምጦ ነበር። እጁን ወደ እግሩ እየሰደደ፣ እዚህ ጋ አይመጣም አለ። ጋሽ በቀለ ተጎንብሶ በባትሪ ፈለገ። የሙቀቱ መውጫ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በእኔ በኩል፣ ጉልበቴ ፊት ለፊት። ለራስህ ቀዳዳ እንኳ አልበሳህም። ጋሽ በቀለ ባትሪውን አጠፋ።

ገዢው ለአብራሪውም እንዲደርሰው ሌላ መውጫ እንዲበሳለት ጠየቀ። አልፈረድኩበትም፤ የሚበርደው እሱ ነው። ሐዋሳ ስትደርስ እንደፈለግህ አድርገው አልኩት። እዚህ ግቢ ውስጥ ሳለ ግን ማንም መሰርሰሪያ አያነሳበትም።

ነገ መኪና መጥቶ ይጭነዋል። እኔም ከሐያት ጋር ወደዚያ ፎቅ እወጣለሁ። ከየሶላቱ በኋላ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ጉልበቴ በጠዘጠዘኝ ቁጥርም ስምህን እጠራለሁ፤ አሁን ደግሞ ሌትም ቀንም ነው የሚጠዘጥዘኝ።

ዘይነባህ