እርሳስ የነካ ጉርሻ

ሰኞ፣ የነሐሴ መጨረሻ

እትዬ አልማዝ ጎረሰች። እያየሁ አላስቆምኳትም።

ነርሷ ከማተሚያ ቤታችን ገና መውጣቷ ነበር። ከጤና ጣቢያ መጥታ ግቢ ውስጥ ሰብስባ ነገረችን። አንድ በአንድ እየለቀምን የምንደረድረው የማተሚያ ፊደል እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት ነው። ብናኙ እጅ ላይ ይቀራል፣ ከምግብ ጋር ሆድ ይገባል፣ ከነፍሰ ጡር ወደ ልጁ ያልፋል። በሳሙና ሳትታጠቡ አትብሉ፣ ሥራ ቦታ ላይ አትብሉ አለች። ከመርዙ ይጠብቃል ተብሎ በየቀኑ የሚሰጠን ወተትም መከላከያ አይደለም።

ጋሼ ሙላት ሳቁ። ከፊደል ለቃሚዎቹ ሁሉ አንጋፋው እሳቸው ናቸው። «ይህን ሁሉ ዘመን ያኖረኝ ወተቱ አይደል?» አሉ። ምሳ ሲቀርብ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረግ አደረጉና እትዬ አልማዝን አጎረሷት። «የሆድሽ ልጅ ድርሻ ነው!»

ሥራውን ያስተማረችኝ እትዬ አልማዝ ናት። አምና አንድ ጨንግፎባታል። ይኼኛው መንፈራገጥ ጀምሯል።

ማክሰኞ

ዝናብ። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀርብኝ ነበር። መንገዱን ሙሉ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እጅዎን...» እያልኩ ስለማመድ ሄድኩ። ስደርስ ጠፋብኝ። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ሽማግሌን እጅዎ ቆሽሿል እላለሁ?

የአብዮት በዓል ሥራ ስለተቆለለ ኃላፊው «እዚያው ሥራ ቦታችሁ ብሉ» ብሏል። ከጋሼ እጅ እንዳትጎርስ ለእትዬ አልማዝ በጆሮዋ ነገርኳት።

«አውቃለሁ፣ የኔ እናት። ግን የጋሼን ጉርሻ እንዴት አድርጌ ልመልስ? እንደ አባቴ ናቸው።»

ሆዷን ያዝ አድርጋ ጎረሰች። ሁለቴ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ።

ረቡዕ

ጾም ስለሆነ ወተቱን ማንም አልነካውም። «ዛሬስ ማን ይጠብቅዎታል?» ብትላቸው እትዬ አልማዝ፣ ጋሼ ሙላት «ዛሬ እርሳሱም ይጾማል» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ማታ ቤት እንግዳ መጣ። እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ተነስቼ አስታጠብኩ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። እንግዳው ዝም ብሎ እጁን ዘረጋ።

ዝም ብሎ ዘረጋ!

ሐሙስ

ከቤት ማንቆርቆሪያ፣ ሳፋ፣ ከቀበሌ ሱቅ የተገዛች ቁራጭ ሳሙና ይዤ ሄድኩ። ምሳው ሲከፈት ጋሼ ሙላት ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«ምነው ልጄ፣ ሠርግ አለ እንዴ?»

ሳፋውን አስጠግቼ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አደረግኩ። በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉ። የሚያስታጥብ ልጅ አይመለስም። ሳፋው ውስጥ የወረደው ውሃ አመድ መሰለ። አዩት። የእትዬ አልማዝን ሆድ አዩ።

«ሳሙናውን ድገሚኝ» አሉ።

ከዚያ ሁሉም በየተራ ታጠበ።

አርብ

ማንቆርቆሪያው ካስቀመጥኩበት የለም። ወሰዱብኝ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ጋሼ ሙላት ይዘውት ከግቢው ቧንቧ አጠገብ ቆመዋል። ምሳውንም እዚያው ካለው ዛፍ ሥር አስወጥተውታል።

«ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ። እጅሽን።»

ሽማግሌ እኔን ሲያስታጥብ! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ዘረጋሁ።

ነገ ከእትዬ አልማዝ ጋር ለምርመራ ነርሷ ዘንድ እንሄዳለን። ከእንግዲህ ያለው ጉርሻ ንጹሕ ነው። እስካሁን የገባውን ግን ማን ያጥበዋል?